ቆሞ ከላላ የደረሰው መኪና

«ናፍጣው የእህሉ ነው አሉን። እህሉስ የማን ነው?»

ይህን ያለችው ሴት ከትምህርት ቤቱ መስኮት ሥር፣ ጠፈጠፉ ከማይደርስበት ጥግ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ለማንም አላለችውም። ቁጣም አልነበረባትም፤ ያልገባውን ነገር ራሱን እንደሚጠይቅ ሰው ነው የተናገረችው። የዓለምዘርፍ በአጥሩ በኩል ስታልፍ ሰማቻትና እግሯ ተያዘ። የዓለምዘርፍ ባለ ወፍጮ ናት፤ በመካነ ሰላም ከተማ ስለ ናፍጣ የሚወራው ሁሉ ከጆሮዋ አልፎ ሆዷ ውስጥ ነው የሚገባው። የወፍጮዋ ናፍጣ ከታሸገ ወዲህማ ብሶባታል። ሌሊቱን ስለ ቆመው ወፍጮዋ ከራሷ ጋር ስትሟገት አድራ የወጣች ሴት እንዲህ ያለ ጥያቄ በማለዳ መስማት አትፈልግም። ፈለገችም አልፈለገችም ሰምታዋለች፤ ስለዚህ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከጭቃው ብቅ ብቅ ያሉትን ድንጋዮች እየረገጠች ወደ ግቢው ገባች።

ትምህርት ቤቱ ለክረምት የተዘጋ ቢሆንም እንደዚያ ነሐሴ የሞላበት ጊዜ አልነበረም። በየክፍሉ ያለው ሰው ከወግዲ በኩል የመጣ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝናብ ሲለምን ከርሞ፣ ዘንድሮ ሲሰጠው መያዣ እስኪያጣ ድረስ ተሰጠው። ከድርቁ የተረፈችው ዘር ብቅ ባለች በሳምንቷ ጎርፉ ማሳውን ከነአፈሩ፣ ቤቱንም ከነምሰሶው ጠርጎ ወሰደ። ክፍሎቹ ውስጥ ዴስኮቹ ከግድግዳው ጥግ ተደራርበዋል፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሰኔ ወር ሒሳብ ገና አልጠፋም፤ ከሥሩ በተወጠረው ገመድ ላይ እርጥብ ቡልኮና ጋቢ ተሰጥቷል። ሽታው የጭስና የተቀቀለ ስንዴ ነው። ስንዴ እንኳ አልጠፋም። ከውጭ አገር የመጣ፣ ጥርስ የሚሰብር ጠንካራ ስንዴ በየቀኑ ይታደላል። ችግሩ ስንዴው ስንዴ ሆኖ መቅረቱ ነው። ንፍሮ ለጠገበ ሰው መጫወቻ ነው፤ ረሃብ ለከረመበት አንጀት ግን ሥራ ነው፣ ያውም ከባድ ሥራ።

ያችን ሴት አልታየች ይሏታል። ልጇ ሐረግ ትባላለች፤ ሦስተኛ ክረምቷ ነው አለች እናቷ፣ ባትናገር ኖሮ የዓለምዘርፍ የአንድ ዓመት ሕፃን ብላ ባለፈቻት ነበር። ንፍሮውን አኝካ ብታጎርሳትም እንደገባ ይወጣል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ትናንት መጥቶ አይቷት ነበር። መድኃኒት የለኝም፣ ቢኖረኝም መድኃኒቷ ሙቅ ነው፣ ቀጭን የስንዴ ሙቅ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ አጠጧት፣ ያንን ካላገኘች ሳምንቱን አትወጣውም ብሎ ሄደ። እንደ ሐረግ ያሉት በየክፍሉ ነበሩ። የዓለምዘርፍ ልጅቷን ልታቅፍ ተቀበለቻትና ክብደቷን ስታውቅ ቶሎ ለእናቷ መለሰቻት።

«መጣሽልን ባለ ወፍጮዋ?» አለች ሩቂያ ከድስቷ ኋላ ሆና። ሩቂያ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ስደተኛው ከገባ ጀምሮ ሱቋን ዘግታ የትምህርት ቤቱን ወጥ ቤት ይዛለች፣ ማንም ሳይሾማት። «አብሽሪ፣ ወፍጮሽ ቢታሰር እጅሽ አልታሰረ። ነይና ትንሽ ፍጪ።» ከዚያ መዳፏን ዘርግታ አሳየቻት። ውሃ የቋጠረው ፈንድቶ ቀይ ሥጋው ይታያል። የከተማው ሴቶች በየተራ በድንጋይ ሲፈጩ ነው የከረሙት፤ ሌሊት የፈጩት ግን ጠዋት አንድ ክፍል ሳያዳርስ ያልቃል። የእጅ ወፍጮውም ቢሆን እንደ ድሮው በየቤቱ የለም። የዓለምዘርፍና ባሏ ነፍሱን ይማረውና ውበቱ የሞተር ወፍጮ ያመጡ ጊዜ ሴቱ ሁሉ እልል ብሎ ድንጋዩን ጣለ። ገሚሱ ለደጃፍ መርገጫ አደረገው፣ ገሚሱ አጥር ውስጥ ቀበረው። የዓለምዘርፍ የእናቷ ወፍጮ እንኳ ከጓሮ ተገልብጦ ዝናብ ያቁራል። ሴቱን ሁሉ ከድንጋይ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ ብላ ትኮራበት የነበረው ነገር እነሆ ቆጫት።

የናፍጣው ደንብ እንዲህ ነው። ከደሴ የሚመጣውን መንገድ ድልድይ ጎርፉ ከወሰደው ወዲህ ወደ ከተማው ጠብታ ናፍጣ አልገባም። ከወዲህኛው ዳር የቀረ የጭነት መኪና አንድ ብቻ ነው፤ እህሉን ጎልማሶች ውሃው ጎደል ሲል በትከሻቸው ያሻግሩታል፣ መኪናው ከወንዙ ዳር ተቀብሎ ያመጣል፣ ከዚያም ወደየወረዳው ያደርሳል። ለዚህ ተብሎ የተቋቋመው የጎርፍ ኮሚቴ በገበያ ቀን በጡሩምባ አስነገረ። መኪናው ከእርዳታ እህል በቀር አይጭንም፣ ሰውም ቢሆን። በግለሰብ እጅ ያለ ናፍጣ ይታሸጋል። ለመኪናው የሚሰጠው ናፍጣ በሚሄድበት መንገድ ልክ ይሰፈራል፣ መሄዱም ጎማው በዞረ ቁጥር በሚቆጥረው የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ይታያል፤ ከታንኩ አይቀዳም፤ መንገዱ ካልተሄደ ግን በዚያው ምሽት ወደ በርሜሉ ተመልሶ ይታሸጋል። የተጫነውም እህል ከታዘዘበት ቦታ ሳይደርስ አይራገፍም። ይህን ያፈረሰ ደሴ ተወስዶ ለወታደሮቹ ይሰጣል። በዚያ ክረምት «ለወታደሮቹ» የሚለው ቃል ጥልቀቱ አይታወቅም ነበር። ሬዲዮው በየምሽቱ ትናንት ስማቸው ሲጠራ ይሰገድላቸው የነበሩትን ሰዎች እያነሳ ተያዙ ይላል፤ ሰሚው ግማሹ እሰይ፣ ግማሹ እግዚኦ እያለ ያድራል።

ደንቡን በገዛ እጁ የጻፈው የኮሚቴው ጸሐፊ አካሉ ነው። አካሉ የዓለምዘርፍ ታናሽ ወንድም ነው። ወፍጮ ቤቷ መጥቶ በርሜሏን ያሸገውም ራሱ ነው። ሌላ ሰው መላክ ይችል ነበር፤ «እህቱ ናት ብሎ አለፋት እንዳይባል ነው፣ እታለም» ብሎ ሰሙን ሲያንጠባጥብ ቀና ብሎ አላያትም። ከዚያች ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም። አለመነጋገሩ ቀላል ነገር አልነበረም፣ አንድ ግቢ ነው የሚኖሩት። የአባታቸውን ቤት መሐል ለመሐል በጭቃ ግድግዳ ከፍለው ግማሹ የእሷ፣ ግማሹ የእሱና የሚስቱ የብርሀንነሽ ነው። ሲያስል ትሰማዋለች። ሬዲዮውን ሲከፍት ትሰማዋለች። እሱም እሷ ጸሎቷን ስታደርስ መስማቱ አይቀርም። በር ላይ ሲገናኙ ብርሀንነሽ የሁለቱን ሰላምታ ብቻዋን ትሰጣለች፤ እነሱ አንዱ ሰማዩን፣ አንዷ ጭቃውን ያያሉ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ማታ ማታ ነው። ውበቱ ከሞተ ወዲህ ከቢሮ ሲወጣ ኮቱን አውልቆ የወፍጮዋን ድንጋይ የሚወቅርላት አካሉ ነበር፤ ሹሩባ የመሰለውን የድንጋዩን ጥርስ በመውቀሪያው መዶሻ ቀስ እያለ ያወጣዋል፣ እሷ መብራት ትይዛለች፣ የልጅነታቸውን ያወራሉ። መውቀሪያው አሁን ከግድግዳው ማዶ፣ ከእሱ ቤት ነው። ድንጋዩ የሚወቀርበት ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ ጠይቃም አታውቅ፣ መልሶም አያውቅ።

ከትምህርት ቤቱ ወጥታ ወደ ገበያው ስትወርድ ጩኸት ሰማች። መኪናው ከገበያው ዳር ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል። ጎህ ሳይቀድ የከላላ ወረዳን ስንዴ ጭኖ ወጥቶ፣ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ መንገዱ ተንዶ ስላገኘው ተመልሶ መምጣቱ ነው። ሾፌሩ ጀብሪል የወረኢሉ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ አፉ ጥርስ መፋቂያ የማይለየው። ዛሬ ግን አልሳቀም። ነዳጅ በሰጠ ቁጥር የኋላው ጎማ ባለበት እየዞረ ጭቃውን ወደ ሰዉ ይረጨዋል፤ አካሉ በጥቁር ጃንጥላው ሥር ቆሞ ሱሪው ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«አጥፋው! ናፍጣ እኮ ነው የምታቃጥለው!» ይላል አካሉ። «የትም ለማይሄድ ጎማ ናፍጣ!»

«ካልዞረ እንዴት ይወጣል፣ አቶ አካሉ?»

«በሰው ይገፋ! ማታ ታንክህን ለክቼ ነው የምረከብህ። የከላላ ሰዎችም በቅሎ ይዘን መጥተን እንውሰድ ብለው ልከዋል። እምቢ ብያለሁ፤ የከላላ እህል የሚራገፈው ከላላ ነው። መንገዱ እስኪጠገን ጭነቱ ይቆያል።» ይህን ብሎ ዘወር ሲል እህቱን አያት። ጃንጥላውን ዝቅ አደረገና ወደ ቢሮው ሄደ። ቢሮው ከገበያው በላይ ነው፣ መስኮቱ ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚያይ።

የዓለምዘርፍ አልሄደችም። ሰዎች መኪናውን ሲገፉ፣ ጀብሪል ቀስ እያለ ነዳጅ ሲሰጥ ቆማ ታያለች። ዐይኗ ከጎማው ላይ አልተነሳም። ጎማው ይዞራል፣ መኪናው ቆሟል። ወንድሟ የተቆጣበት ነገር ሌሊቱን እንቅልፍ ከነሳት ሐሳብ ጋር ገጠመባት። የወፍጮዋ ሞተር የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? አንድ ክብ ብረት ማዞር። ከዚያ ረጅሙ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ያንን መዞር ለድንጋዩ ያደርሳል። ድንጋዩ ማን እንዳዞረው አይጠይቅም። ፈራችም፣ ደስም አላት፣ ሁለቱን መለየት አልቻለችም።

ጀብሪል መኪናውን አውጥቶ ከተዘጋው የሩቂያ ሱቅ በረንዳ ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ ሄደች። የጎማው መዞር የወፍጮውን ድንጋይ ያዞር እንደሆነ ጠየቀችው። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ተወና መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

«እትዬ የዓለም፣ ይሆናል። በክሪክ አንዱን ጎማ ማንሳት፣ ሌሎቹን በድንጋይ መወተፍ ነው። ቺንጋው ረጅም ከሆነ ይደርሳል። ግን እርስዎ ደሴ ሄደው አያውቁም መሰለኝ። እኔ አውቃለሁ። እዚያ እስር ቤቱ አሁን ሰው ቁሞ ነው የሚያድርበት ይላሉ።»

«ናፍጣው ከታንኩ አይወጣም» አለች። «ጭነቱም አይነሳ። እኔ አንተን አስገድጄ ነው እላለሁ።»

«እርስዎ? እኔን?» እንደገና ሳቀ። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር አየ። «ያችን ባለ ልጅ ሴትዮ ከወንዙ ወዲህ መንገድ ላይ አይቻት ነበር። እጇን አነሳችልኝ። ሰው አይጫንም ተብሏልና አለፍኳት። ከዚያ ወዲህ በዚያች መንገድ ባለፍሁ ቁጥር እጇን እንዳነሳች ነው። አሁን ይኸው ደግሞ እርስዎ መጡ።» ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። «ያረቢ አንተ ታውቃለህ። ወፍጮ ቤቱን ይክፈቱት።»

ወፍጮ ቤቱ በሩ ሰፊ ነው፤ ውበቱ ሲያሠራው ጭነት ይግባበት ብሎ ነው። ጀብሪል መኪናውን በጀርባው ወደ በሩ አስጠጋ። ጎማዎቹን በድንጋይ ወተፉ፣ የፊቱን በሰንሰለት ከግንድ ጋር አሰሩ፤ ክሪኩ ከነጭነቱ የኋላውን ጎማ ሲያነሳ የሰዉም ትንፋሽ አብሮ ወደ ላይ ተነሳ። ቺንጋውን ከወፍጮው ሞተር ፈትተው በጎማው ላይ አዞሩት። ስንዴው ከትምህርት ቤቱ በትከሻ መጣ። ሩቂያ ወንፊቷን ይዛ፣ አልታየችም ልጇን አዝላ መጡ፤ ገሚሱ ሰው ሊረዳ፣ ገሚሱ እንዲህ ያለ ነገር ዳግም ላይታይ ይችላል ብሎ ነው የመጣው።

ሞተሩ ተነሳ፣ ጎማው ዞረ፣ ድንጋዩም ዞረ። እልልታው ገና ሳያልቅ ግን የዓለምዘርፍ እጇን አነሳች። ዱቄት የለም። ስንዴው ሥር ሥሩን ይሰባበራል እንጂ ወደ ዳር አይወጣም። አጎንብሳ አየች፤ ድንጋዩ በተቃራኒው ነው የሚዞረው። ጥርሱ ወደ አንድ ጎን የተወቀረ ድንጋይ ወደ ሌላው ቢዞር ያመነዥካል እንጂ አይፈጭም።

«ወደ ኋላ ማርሽ ላስገባው?» አለ ጀብሪል፤ ወዲያው ራሱ ግንባሩን መታ። «የለም፣ የለም! ቆጣሪው ወደ ኋላ ይቆጥርብኛል። ናፍጣ አቃጥዬ መንገዱ ሲቀንስ ለአቶ አካሉ ምን እላቸዋለሁ?» ሰዉ በየአፉ ሐሳብ ያዋጣ ጀመር። ሩቂያ ናት ሞተሩን አስጠፍታ ቺንጋውን መሐል ላይ ያጠላለፈችው፣ ሴት መቀነቷን እንደምታጠላልፈው። አንድ ጊዜ ተጠላልፎ ሲያልፍ ድንጋዩ በሚፈለገው ጎን ዞረ። ቀስ ብሎ ጀመረ፤ እየጠነከረ ሄደ፤ ያ ከተማው ሁሉ ያጣው የወፍጮ ድምፅ በገበያው ላይ ነጎደ። ዱቄቱ ወጣ። ሻካራ ነበር፣ ድንጋዩ ደንዟልና፤ ሩቂያ እየነፋች ደቃቁን ለሕፃናት፣ ገለባማውን ለአዋቂ ትለያለች። የዓለምዘርፍ የመጀመሪያውን እፍኝ በመዳፏ ይዛ ሙቀቱ ሲሰማት አለቀሰች። ማንም እንዳያይባት ፊቷን ወደ ጆንያው አዞረች፤ ሰው ግን አየባት።

ሙቁ የተሠራው እዚያው በወፍጮ ቤቱ ደጅ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር ነው። ጾሙ የፍልሰታ ስለሆነ ቅቤ የለውም፤ ውሃ፣ ዱቄት፣ ጨው ብቻ። አልታየች በጣቷ እየነከረች አስላሰቻት። ልጅቷ መጀመሪያ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ላሰች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ የእናቷን ጣት በሁለት እጇ ያዘች። እናቲቱ ይወጣ ይሆን ብላ ዐይኗን ጨፍና ትጠብቃለች፤ የዓለምዘርፍም ከጎኗ ቁጢጥ ብላ አብራ ትጠብቃለች። አልወጣም። ልጅቷ እንደገና አፏን ከፈተች። «ተመስገን» አለች አልታየች፤ «አልሃምዱሊላህ» አለች ሩቂያ ከወንፊቷ ላይ ቀና ሳትል። የዓለምዘርፍ ተነስታ ሌላ ሙቅ ልትቀዳ ሄደች።

ቀትር አልፎ ነው አካሉ የመጣ። ከኋላው ጠመንጃ ያነገበ የኮሚቴው ዘበኛ አለ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ጀብሪል ሞተሩን አጠፋ፤ ድንጋዩ እያቃሰተ፣ እያዘገመ ቆመ። የዓለምዘርፍ ከወንድሟ ፊት ሄዳ ቆመች። ዱቄት ለብሳ ነጭ ሆናለች። «እኔ ነኝ ያዘዝሁት» ልትል አስባ ነበር፤ እሱ ግን ወደ እሷ አላየም። ጃንጥላውን አጥፎ ወደ ሾፌሩ ዞረ።

«ይህ መኪና ወዴት ነው የታዘዘው?» አለ፣ በቢሮ ድምፁ።

«ወደ ከላላ፣ አቶ አካሉ።»

«ጭነቱስ?»

«እንደተጫነ ነው። ሸራው እንኳ አልተፈታ።»

«ከታንኩ የተቀዳ ናፍጣ አለ?»

«ወላሂ፣ ጠብታ አልተቀዳ።»

አካሉ ሸራውን ዳሰሰ። የታንኩን ክዳን አየ። ከዚያ ሱሪውን ሰብስቦ ወደ ጋቢናው ወጣና ቆጣሪው ላይ አጎነበሰ። ብዙ ቆየ። ዘበኛው ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። የዓለምዘርፍ ወንድሟ ፊቱ ላይ የሚያደርገውን ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቃለች፤ አሁን ግን አንገቱን እንጂ ፊቱን አታይም። ፈሪ መሆኑን ታውቃለች። ፍርሃቱም የራሱ ብቻ አይደለም፣ ሚስት አለው፤ ሬዲዮውንም እንደ ማንም ሰው ይሰማል። ይህን ሁሉ እያወቀች ግን ድንጋዩ እንዲዞር ትፈልግ ነበር፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ነበሩ።

አካሉ ወረደ። «ከላላ ለመድረስ ግማሽ መንገድ ሄዷል» አለ፣ ዘበኛው እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «ደንቡ የሚለው ግልጽ ነው። ናፍጣው ለመንገዱ ተሰፍሯል፣ መንገዱ መሄድ አለበት።» ጀብሪልን አየው። «ታዲያ ከመንገድ ላይ ምን አቆመህ? ንዳ እንጂ!»

ለቅጽበት ማንም አልገባውም። ከዚያ መጀመሪያ ዘበኛው ሳቀ፤ ከዘበኛው የጀመረው ሳቅ ወፍጮ ቤቱን ዞሮ እስከ ገበያው ደረሰ። ጀብሪል እየዘለለ ጋቢናው ውስጥ ገባ። አካሉ አልሳቀም። ጃንጥላውን ዘርግቶ እንደ አመጣጡ ወደ ቢሮው ተመለሰ፤ በእህቱ አጠገብ ሲያልፍ ብቻ ከትከሻዋ ላይ ዱቄቱን በሁለት ጣቱ ጠረገላት፣ ቆሽሸሻል እንደማለት።

ከሰዓት በኋላ የከላላ ሰዎች በቅሎዎቻቸውን እየነዱ መጡ፤ እምቢ ተብለውም ዕድላችንን እንሞክር ብለው ነው። ጀብሪል ከጋቢናው አንገቱን አውጥቶ «እናንተ ጋ እየመጣሁ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረኝ!» ሲላቸው ሰውየው አብዷል ብለው እርስ በርስ ተያዩ። ፀሐይ ጥቂት ብቅ ባለችበት ሰዓት ቆጣሪው የመንገዱን ልክ ሞላ። ጀብሪል የመኪናውን ጡሩምባ ነፋ። «ከላላ ደርሰናል! ወራጅ!» አለ። ሰው ተላከ፤ አካሉ ከቢሮው ሆኖ «ከደረሰ ይራገፍ» ብሎ መለሰ። ሸራው ተፈታ፣ የከላላ እህል ለከላላ ሰዎች ተሰጠ። መኪናው ደግሞ መመለስ አለበት፣ የመመለሻውም ናፍጣ ተሰፍሯል፤ ስለዚህ በመመለሻው መንገድ ለከላላ ሕፃናት የሚሆን ተፈጨላቸው። በቅሎዎቹ ገሚሱን ስንዴ፣ ገሚሱን ዱቄት ጭነው ሲሄዱ ሽማግሌያቸው ለወፍጮው፣ ለመኪናው፣ ለጀብሪል እናት፣ ለሩቂያ መዳፍ ሁሉ መረቀ። ማታ ለበርሜሉ የሚመለስ ናፍጣ አልተረፈም።

አመሻሹ ላይ የዓለምዘርፍ ወደ ትምህርት ቤቱ ስትገባ ሐረግ እናቷ ጭን ላይ ተኝታ ነበር፤ የታመመ ሰው እንቅልፍ ሳይሆን የጠገበ ልጅ እንቅልፍ። አልታየች ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ ስትል የዓለምዘርፍ ያዘቻት። «እኔን አይደለም» አለቻት፣ ማንን እንደሆነ ግን አልተናገረችም፤ ስሙን ማንሳት የሚያስይዘው መሰላት። የራሷ ግቢ ደርሳ እግሯን ስትታጠብ ከግድግዳው ማዶ ሬዲዮው ሲዘጋ ሰማች። በሩ ተከፈተ። አካሉ ኮቱን አውልቆ፣ ፋኖስ በአንድ እጁ፣ መውቀሪያውን በሌላው ይዞ ቆሟል። ብርሀንነሽ ከኋላው ሆና ብቅ አለችና ምንም ሳትል ተመለሰች።

«ድንጋዩ ደንዟል፣ እታለም» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል። ከጠዋት ጀምሮ ስሰማው አይደል የዋልሁት። ሲፋጭ ጥርሴን ነው ያስነከሰኝ።» ወደ ፋኖሱ አየ። «ዘበኛው ይኼ ምንድን ነው ቢለኝ ነጎድጓድ ነው አልኩት። መስኮቱንም ዘጋሁት። በኋላ ሰው ሁሉ ሲያወራ አልሰማሁም የማይባል ሆነና መጣሁ።»

የዓለምዘርፍ ከደጃፉ መርገጫ ላይ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ። እሷ እሱን ስትፈራ፣ እሱ መስኮቱን ዘግቶ ለእሷ ሲፈራ ውለዋል። ምስጋናው ከሆዷ ተነስቶ እስከ ዐይኗ ሞላት፤ ይህን ለማለት የሚበቃ ቃል ግን በእህትና በወንድም መካከል የለም፤ ቢኖርም የሚያሳፍር ነው። ስለዚህ እጇን ዘርግታ ፋኖሱን ተቀበለችው፣ እንደ ድሮው። ጨለማው ሳይከብድ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄዱ። አካሉ እጅጌውን ሰበሰበ፣ የላይኛውን ድንጋይ አጋድመው ተቀመጡ።

«ነገ ጠዋት መኪናው ወደ ወግዲ ታዟል» አለ፣ ድንጋዩን በመዳፉ እየዳበሰ።

«ወደ ወግዲ? የወግዲ መንገድ እኮ ከተቆረጠ ሰነበተ። ሰዎቹስ እዚሁ ትምህርት ቤት አይደሉ?»

«አዎ» አለ አካሉ። «እዚሁ ናቸው።» መብራቱን ትንሽ ጠጋ እንድታደርግለት በአገጩ አመለከታትና መዶሻውን አነሳ።